ኦሲፌራ ስሞቹን ሊጠራ የመጣ ዕለት

የመርከቧ ወሬ ከገደል ወደ ገደል በጩኸት ሲተላለፍ እኔ ጎደሬ ማሳዬ ውስጥ ጎንበስ ብዬ ነበር። መቆፈሪያዬን እዚያው ሰክቼ ቁልቁለቱን ተያያዝኩት። መርከብ በመጣ ቁጥር ሥራዬ ይኸው ሆኖ ነበር፤ ወደ ባሕር መሮጥ፣ የሌላ ሰው ልጅ ከጀልባ ሲወርድ ማየት፣ ከዚያ አጎቴን ምን እንደምለው እያሰብኩ ዳገቱን መመለስ።

ከባሕር ማዶ፣ በክዊንስላንድ የሸንኮራ እርሻ ያላቸው ነጮች "ከእንግዲህ ይህ አገር የነጭ ብቻ ነው" የሚል ሕግ አውጥተዋል። ሸንኮራውን የተከለላቸውን፣ ያረመላቸውን፣ የቆረጠላቸውን ጥቁር ሁሉ እየሰበሰቡ ወደየደሴቱ ይመልሱ ጀመር። እኛ ደሴት ማላይታ ላይ የሚራገፈው ብዙ ነው። ከነዚያ መሐል በጎረምሳነቱ ሸንኮራ ሊቆርጥ የሄደው የአጎቴ የማኤላሎ ልጅ ኦሲፌራ መኖር አለበት፤ በሕይወት ካለ።

ከጎኔ ባኬቴ ይሮጣል። ባኬቴ የመንደራችን ራሞ ነው፤ ደማችንን የሚመልስልን፣ የተደፈረ ሰው ሲኖር የሚጠራ። ዱላውን እንደ ሕፃን ታቅፎት ነው የሚሮጠው።

"ዛሬም ካልመጣ ለሽማግሌው አንተው ትነግረዋለህ" አለኝ እያለከለከ። "እኔ ሰው መግደል እንጂ ሰው ማሳዘን አልችልበትም።"

"አንተ ብቻ ረጋ በል። ባሕር ዳር ላይ የጨው ውሃ ሰዎች አሉ።"

"ይኑሩዋ! እኔ ምን አልኩ?"

ባሕሩ የጨው ውሃ ሰዎች ነው፣ ተራራው የእኛ። ዓሣውና ጎደሬው በሴቶች እጅ ይለዋወጣል፤ ወንዶቹ ግን ከዳርና ከዳር ቆመን እንተያያለን። የኦሲፌራን ታላቅ ወንድም የገደሉት እነሱ ናቸው። ከዚያም በፊት እኛ ከእነሱ ገድለን ነበር፤ እሱን ግን ሰው ሲያወራው ሰምቼ አላውቅም።

አሸዋው ላይ ስንደርስ ጀልባዋ ግማሽ መንገድ መጥታለች። በጀልባዋ አፍንጫ ላይ የመንግሥት ሹም ተብዬው ነጭ ተቀምጧል። ከኋላው ሳጥን ተቆልሏል፤ እነዚያ መክፈቻቸው ሲዞር ደወል የሚደውሉ የክዊንስላንድ የጥድ ሳጥኖች። ከሳጥኖቹ መሐል ጥቁር ኮት ለብሶ ኮፍያ የደፋ ረጅም ሰውዬ፣ ጃንጥላ የያዘች ሴትና ነጭ ቀሚስ የለበሰች ልጅ ይታያሉ።

ሰውየው ጫማውን አውልቆ ውሃው ውስጥ ዘለለ። በግንባሩ ላይ በልጅነታችን በአጥንት የምንቀረጸውን የቤታችንን ምልክት ያየሁት ኮፍያውን ሲያነሳ ነው። ኦሲፌራ ነበር። ስንለያይ ጢም ያላበቀለ ጎረምሳ፣ አሁን ጢሙ የሸበተ አባወራ።

እሱም የእኛን ምልክት አየና ፊቱ በራ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ጮክ ብሎ ሰላም አለን። ወንድሞቼ አለን። ቤቴ ገባሁ አለን። ይህን ሁሉ ያለው በጨው ውሃ ሰዎች ቋንቋ ነው።

ባኬቴ ዱላውን አነሣ። "ይሄማ የእነሱ ነው! የእኛን ፊት ለጥፎ የመጣ ሰላይ ነው!"

ከማዶ የጨው ውሃ ሰዎች በሳቅ ፈነዱ። "ኧረ የእኛ ነው!" አለ አንዱ ጥርሱ ከኖራ ጋር በሚያኝከው ፍሬ የቀላ። "ተራሮች፣ ዛሬ ደግሞ ሰው ልትሰርቁ ወረዳችሁ? ጎደሬያችሁ አልበቃ አላችሁ?"

ነገሩ ሊበላሽ የቀረው ትንሽ ነበር። በባኬቴና በኦሲፌራ መሐል ገባሁና ከብዙ ጊዜ በፊት ክዊንስላንድ የተማርኩትን የሸንኮራ ቋንቋ ከሆዴ ጎትቼ አወጣሁት። እኛ የሸንኮራ ቋንቋ የምንለው ከየደሴቱ የተለቀመ ሰው ማሳው ውስጥ እርስ በርሱና ከነጩ ጋር የሚግባባበትን ንግግር ነው። "ኦሲፌራ! አፍ ዝጋ! እኔ ፊሊጋ!" አልኩት።

"ፊሊጋ? ትንሹ ፊሊጋ?" እላዬ ላይ ተጠመጠመብኝ። የሳሙናና የትምባሆ ሽታ ነበረው። "ምን ሆነው ነው? በገዛ ቋንቋቸው ሰላም ስላቸው ዱላ ያነሱብኛል እንዴ?"

"በእኛ ቋንቋ አይደለም። በእነሱ ነው የተናገርክ።"

ሳቀ። የምቀልድ መስሎት ነው። ከዚያ ፊቴን አየ፣ የባኬቴን ዱላ አየ፣ ማዶ የሚስቁትን ሰዎች አየ፤ ሳቁም ከፊቱ ላይ ጠፋ። ይህ ሰው ያን ያህል ዓመት ቋንቋዬን ይዤዋለሁ ብሎ ሲኖር የያዘው የጠላቶቹን ነበር።

ዳገቱን ስንወጣ ሳጥኑን እኔና ባኬቴ ተሸከምነው። ሚስቱ ኤሚሊ የኤፒ ደሴት ሰው ናት፤ ደንዳና፣ ሳቂታ፣ ጫማዋን አላወልቅ ብላ በየሥሩ የምትደናቀፍ። ልጅቷ ሊሊ የእናቷን ቀሚስ ይዛ ትንጠላጠላለች።

ኦሲፌራ ቋንቋው እንዲመለስለት እየታገለ ነበር። ዛፍ ባየ ቁጥር ይቆማል። "ይሄ... ይሄ..." ይልና ጣቱን ያጮኻል። እኔ ስነግረው "አዎ! አዎ!" ይላል፤ ትንሽ ሄዶ ያንኑ ዛፍ ሲያገኝ ደግሞ ጠፍቶታል። ወንዝ፣ እሳት፣ እናት፣ ራበኝ የሚሉትን ያውቃል። እነዚያም ቢሆኑ ከአፉ ሲወጡ የጨው ውሃ ጣዕም አላቸው። ባኬቴ ከኋላ ሆኖ ያልጎመጉማል።

"የሦስት ዓመት ሕፃን ተሸክመን ነው የምንወጣው" አለ በቋንቋችን። "ያውም ጢም ያለው።"

ኦሲፌራ ዞሮ ፈገግ አለለት። ያመሰገነው መስሎት ነበር። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

በሸንኮራ ቋንቋ ሲሆን ግን ሌላ ሰው ነው። ይቀልድበታል፣ ይዘፍንበታል፣ በሰው ድምፅ ይጫወትበታል። እኔ በሌላ እርሻ ሦስት የቆረጣ ወቅት ብቻ ስለቆየሁ ከእሱ ጋር ሳወራ ቃል እየፈለግሁ እንተባተባለሁ። አንዳችን በሌላው ቋንቋ እንግዳ ሆነን ዳገቱን ወጣን።

ፋታ ልንወስድ ምንጩ ጋ ስንቀመጥ እንዲህ አለኝ።

"መጀመሪያ ይዤው ነበር እኮ ፊሊጋ። ሸንኮራውን እየቆረጥኩ ለራሴ አወራ ነበር። አብረውኝ የሄዱት የእኛ ቤት ልጆች በመጀመሪያው ክረምት በተቅማጥ አለቁ። ከዚያ ከማን ጋር ላውራ? ጎጆ የሰጡኝ ከታፉኤ ጋር ነው።"

"የጨው ውሃው ታፉኤ? የወንድምህ ገዳዮች ወገን?"

"እዚያ ማን ተራራ ማን ባሕር ነው? እዚያ ለነጩ ሁላችንም ካናካ ነን፣ ከደሴት የመጣ ጥቁር ሠራተኛ። ስታመም ሾርባ ያጠጣኝ እሱ ነው። ቋንቋው ለእኛ ይቀርባል፤ መጀመሪያ በእኔ እናወራለን፣ ከዚያ በእሱ፣ ከዚያ መለየቱን ተውኩት። በኋላ ሚሲዮኖቹ ማንበብ አስተማሩኝ። በኋላ ኤሚሊን አገባሁ፣ ከእሷ ጋር በሸንኮራው ነው የምናወራ። አንዱ በገባ ቁጥር ሌላው እየወጣ መሆኑን ማን ነገረኝ? ቤቱ ሰፊ ነው ብዬ ነው።"

ኤሚሊ እግሯን ውሃ ውስጥ ነክራ ትሰማለች። "ስንጋባ ሰሞን በእንቅልፉ ያወራ ነበር" አለችኝ። "አንድ ቃል አይገባኝም ነበር፤ ሌላ ሴት አለችው ብዬ እቀና ነበር። አንድ ጊዜ ልብ ስል ለካ የሚቃዠው ሁለታችን በምናወራበት በሸንኮራው ነው። ደስ አለኝ ያን ጊዜ። ምን አውቄ!"

የሚጠብቀውን የነገርኩት እዚያው ነው። አባቱ ማኤላሎ የመንደራችን የመሥዋዕት አባት ነው፤ ከሙታን አባቶቻችን ጋር የሚነጋገርልን እሱ ብቻ ነው። ዓይኑ ጠፍቷል፣ ጉልበቱ አልቋል፤ ልጄ ሳይመጣ አልሞትም ብሎ ነው የቆየው። መርከብ በመጣ ቁጥር እንደሚደረገው ዛሬም ለመሥዋዕቱ አሳማ ታስሯል። አባትየው የአባቶቹን ስሞች ይጠራል፤ ምድሩን መጀመሪያ ከመነጠረው ሰው ጀምሮ እስከ ራሱ። ልጁ ተቀብሎ ብቻውን ይጠራቸዋል። ከዚያ ወንበሩ የልጁ ነው፣ መሬቱም፣ የለውዝ ዛፎቹም፣ አሳማዎቹም።

"ካልቻልኩስ?"

"ካልቻልክ እንግዳ ነህ። ይሰጡሃል፣ ትበላለህ። ሊሊ ስታገባ ግን 'ያንቺ መሬት የታል?' ለሚላት መልስ የላትም። ደግሞ ስም ተዘልሎ ወይም ተሳስቶ ከተጠራ ሙታኑ ዝም አይሉም፤ በበሽታ የሚይዙት የቤቱን ሕፃን ነው።"

ሊሊን አየት አደረገ። "ሌላ ወራሽ አለ?"

"እኔ ነኝ" አልኩት።

አልደበቅኩትም። አጎቴ ነገሩ ከእሱ ጋር እንዳይቀበር ፈርቶ ስሞቹን አስተምሮኛል። መሬቱን እፈልገው ነበር ወይ? አዎ፣ እፈልገው ነበር። ማሳዬ ድንጋይ ነው። ግን በዚያ ምንጭ ዳር ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ የጠፋበትን ሲፈልግ ሳየው አንጀቴን በላው፤ ስሞቹን አንድ በአንድ ነገርኩት፣ እሱም ተከተለኝ። ተከትሎ ሲል ይላቸዋል። ብቻውን ሲሆን መሐል ላይ ይቆማል። ባኬቴ "ፀሐይ እየሄደች ነው" ብሎ እስኪያስነሳን ድረስ እንዲህ ስንል ቆየን።

መንደር ስንደርስ ሴቶቹ ኤሚሊንና ሊሊን ወደ ታችኛው ቤት ይዘዋቸው ሄዱ። ኤሚሊ ጃንጥላዋን ለባሏ ልትሰጠው ወደ ላይኛው መንገድ አንድ እግር ስታነሳ ያገሬ ሴቶች እሪ ብለው ጎተቷት፤ ሴት በወንዶች ቤት መንገድ አትሄድም። ደንግጣ ወደኋላ አለች። "ምን በደልኩ?" እያለች ስትጣራ ኦሲፌራ ዞሮ አያት፤ ማስረዳት ግን አልቻለም።

አጎቴ ከወንዶቹ ቤት በላይ፣ በድንጋይ መስመር በተከለለው ግቢ ተቀምጧል። ያን መስመር እሱ አያልፍም፣ እኛም ካልተጠራን አንገባም። ምግቡን በራሱ እሳት ያበስላል። ዘንቢሉ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ውስጡ የአባቶቻችን አጥንት ቁራጭ አለ። የልጁን የእግር ኮቴ ሲሰማ ቀና ብሎ ግቡ አለን። እጁን ዘርግቶ ግንባሩ ላይ የተቀረጸውን ዳሰሰ፣ ቀስ እያለ፣ መስመር በመስመር። ከዚያ ማውራት ጀመረ።

ዝም ብሎ ማውራት አልነበረም። ያን ያህል ዘመን ያጠራቀመውን ነው ያወረደው። ኦሲፌራ ዓይኑን አፍጥጦ አባቱ አፍ ላይ ተክሎታል፤ አንድ ቃል ሲያውቅ ራሱን ይነቀንቃል፣ ከዚያ ይጠፋበታል። ወደ እኔ ዞረ።

"ምን እያለኝ ነው?"

አጎቴ ያለው እንዲህ ነው። "ልጄ፣ ዝናብ ጣሪያውን ሲመታው 'እሱ ያለበትም ይጥል ይሆን፣ ልብሱ ይረጥብበት ይሆን' እያልኩ ነው ያረጀሁት። ሙታኑ ስለ አንተ ሲጠይቁኝ ከሕያዋን ነው ልበል ከእናንተ ጋር ነው ልበል አፍሬ ዝም እላቸው ነበር። እናትህ ልትሞት ስትል ጎደሬውን ለሁለት ከፍላ ግማሹን ላንተ አስቀመጠች፤ እኔም እስኪሻግት አላነሳሁትም።"

እኔ ያልኩት እንዲህ ነው። "ሽማግሌ ይላል፣ ዝናብ ሲመጣ እሱ ያስባል አንተን። እናት ሞተች። እናት ምግብ አስቀመጠች ላንተ።"

ኦሲፌራ ጠበቀ። "ይህን ሁሉ ሲያወራ ይቺ ብቻ ናት?"

"ሌላም አለ።"

"ምንድን ነው?"

"ቃል የለኝም ወንድሜ።" እውነቴን ነው። የሸንኮራ ቋንቋ ለሥራ፣ ለምግብ፣ ለበሽታ፣ ለዱላ ቃል አለው። ለዚያ ሽማግሌ ነገር ቃል ቢኖረውም እኔ አላውቀውም፤ ኦሲፌራ ያውቅ ይሆናል። የሚያውቀው ግን አባቱ የሚለውን አይሰማም፣ የሚሰማው እኔ ደግሞ ቃሉን አላውቅም። እዚያ መሐላቸው ቆሜ ከአንደኛው ሙሉ ቅል ተቀብዬ ለሌላው ጠብታ ሳቀብል ላብ አጠመቀኝ።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ባኬቴ አሳማውን ጎትቶ አመጣ። አጎቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስሞቹን ጠራቸው። እዚህ አልጠራቸውም፤ የሚጠሩበት ቦታ አላቸው። ሲጨርስ "በል ልጄ" አለ።

ኦሲፌራ ኮፍያውን አወለቀ። እጆቹን አጣምሮ ዓይኑን ጨፈነ፤ ሚሲዮኖቹ ያስለመዱት ነው፣ የሚያደርገውንም አላወቀም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ። አጎቴ ግን ይህን አላየም።

የመጀመሪያዎቹን ስሞች እንደ ውሃ ጠራቸው። ከልጅነቱ የቀሩት ናቸው። እኔ እንኳ ሳላስበው "ጎሽ" አልኩ በሆዴ። ከዚያ ቆመ። ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ድንገት መንገዱን አገኘው፤ ስም በስም ላይ፣ ሳይሰናከል፣ በሚያምር ዜማ ወረደው። ፊቱ በደስታ ፈካ። ከጉድጓድ የወጣ ሰው ነው የሚመስለው።

ባኬቴ የአሳማውን ገመድ ለቀቀ። ሽማግሌዎቹ ከመቀመጫቸው ተነሱ። ስሞቹ የእኛ አልነበሩም። በእኛ ስሞች ከጀመረ በኋላ የታፉኤን ሙታን ነበር የሚጠራው፤ የጨው ውሃ ሰዎችን አባቶች፣ በእኛ ሙታን ግቢ፣ በእኛ አሳማ ፊት።

አጎቴ እጁን ዘርግቶ የልጁን አፍ ያዘ።

"ፊሊጋ፣ የማን ሙታን ናቸው እነዚህ?"

ባኬቴ ቀደመኝ። "የማን ይሆናሉ! የወንድሙ ገዳዮች ናቸው! ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ በእግሩ አይወጣም ነበር!"

"አንተን አልጠየቅኩም" አለ አጎቴ።

ኦሲፌራን በሸንኮራው ጠየቅኩት። ምን እንዳደረገ ሲገባው ድንጋዩ ላይ ቁጭ አለ። "ታፉኤ ልጅ አልነበረውም" አለኝ። "እሁድ እሁድ ጎጆው ደጃፍ ተቀምጦ ሙታኑን ይጠራ ነበር፣ እንዳይጠፉበት። 'አንተም የራስህን በል' ይለኝ ነበር፤ እኔ ነገ ነገ እያልኩ እሱን እሰማለሁ። ሳል ገደለው። ከሞተ በኋላ የሚጠራለት የለም ብዬ... እሁድ ሲሆን እኔ እጠራለት ነበር። የእኔ መሰሉኝ ፊሊጋ። ከውስጤ ሲመጡ የእኔ መሰሉኝ።"

ይህን ለአጎቴ ነገርኩት፤ በእኛ ቋንቋ ስለሆነ አንድም አልቀነስኩበት።

"ለሰው ሙታን የሚጠነቀቅ ልጅ ነው የወለድኩት" አለ ሽማግሌው። "ክፉ ልጅ አልወለድኩም። ባኬቴ፣ ነገ ሴቶቹ ለገበያ ሲወርዱ ለታፉኤ ሰዎች ይንገሩ፤ ልጃቸው ሙታናቸውን እየጠራ ሞተ፣ ከእሱ በኋላም የጠራላቸው አለ ብለው።" ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። "ሙታኑ የልጅ ልጄን ይይዟታል፣ ፊሊጋ። ደግሜ ልሞክረው አልችልም። ስሞቹን አንተ ጥራቸው።"

ኦሲፌራን አየሁት። ቃሉ ባይገባውም ነገሩ ገብቶታል። ተነሥቶ ኮፍያውን አንስቶ፣ ከድንጋይ መስመሩ ውጭ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት ቦታ ሄዶ ተቀመጠ። ማንም ሂድ አላለውም።

ጠራኋቸው። አንድም አልሳትኩ። አሳማው ታነቀ፣ እሳት ነደደ፣ አጎቴ ዘንቢሉን ከአንገቱ አውጥቶ አንገቴ ላይ አደረገው። ከአጥንት ቁራጭ በላይ አይደለም፤ ግን እንዴት እንደከበደኝ! የተመኘሁት ሁሉ በአንድ ከሰዓት እጄ ገባ፤ እኔም ደስታውን ብፈልገው አጣሁት። የወንድሜን ልብስ ሳይሞት የለበስኩ መሰለኝ።

ከዚያ አጎቴ ያላሰብነውን አደረገ። መሬቱን በእጁ እየዳበሰ ወደ ድንጋይ መስመሩ ሄደ፣ እግሩን አንስቶ ተሻገረው። ስንት ዘመን ያላለፈው መስመር ነው። ለሙታን የሚናገር ሰው ከሌላ እሳት አይበላም፣ የባዕድ ቋንቋም በአፉ አያልፍም። አሁን ግን ሸክሙ ከእሱ ወርዶ እኔ ላይ ወጥቷል። ልጁ ፊት ለፊት ሄዶ ቁጭ አለ።

ምን ሊያደርግ እንደሆነ ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከክዊንስላንድ በተመለስኩ ሰሞን ጠርቶኝ፣ "ልጄ እዚያ የሚናገረውን ንገረኝ" ብሎኝ ነበር። እሱ በአፉ ማለት ስለማይፈቀድለት እኔ ስናገር ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ይሰማል። ደጋግሞ አስጠራኝ። "ሲመጣ ይጠቅመኛል" ይል ነበር። እኔ ደግሞ የማውቀው ምን ነበር? ካቦው ፈረስ ላይ ሆኖ የሚጮኸውን ነው፣ ሌላ ማን አናገረኝ? ያን ሰጠሁት፤ ትርጉሙንም ልክ ልኩን ነገርኩት። እንዴት ባለ ድምፅ እንደሚባል ብቻ አልነገርኩትም።

አጎቴ እጁን ወደ ልጁ ዘረጋ። የፀሐይዋ ብርሃን የታወሩ ዓይኖቹ ላይ ነበር። በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው፣ በሸንኮራ ቋንቋ እንዲህ አለ።

"ና ወዲህ! ቶሎ! ቶሎ በል!"

ኦሲፌራ ተፈናጥሮ ተነሣ። ኮፍያውን አውልቆ፣ እጆቹን ከጎኑ ለጥፎ፣ ቀጥ ብሎ ቆመ። "እሺ ጌታዬ!" የሚለው ቃል ከአፉ አመለጠው። ባኬቴ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ምን አለ?" አለኝ አጎቴ በጉጉት።

"እሺ አባቴ አለ" አልኩት። ቀኑን ሙሉ ስተረጉም የዋሸሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የአጎቴ ፊት በፈገግታ ተጨማደደ። ጥርስ አልነበረውም። ልጁን በእጁ ስቦ አጠገቡ አስቀመጠው። "ወሬ የለም!" አለው ጉልበቱን እያሻሸ። "ወሬ አቁም!" ካቦው ሸንኮራ ረድፍ ውስጥ ሁለት ሰው ሲያወራ ሲሰማ የሚጮኸው ነው። አጎቴ ማለት የፈለገው ግን ሌላ ነው፤ መናገር ባትችልም ግድ የለም፣ ዝም ብለህ እዚህ ተቀመጥ ነው። ኦሲፌራ ይህ ገባው። በሽማግሌው ትከሻ ላይ ግንባሩን ጥሎ አለቀሰ።

አጎቴ ጀርባውን መታ መታ እያደረገ የቀረውን ቃል ፈለገ። ቆየና አገኘው። ፀሐይ ስትጠልቅ ካቦው ጅራፉን ጠቅልሎ፣ ቆራጩን ሁሉ ወደ ጎጆው ሲያሰናብት የሚለውን ነው።

"ሥራ አለቀ" አለው። "በቃ። ወደ ቤት።"

ኦሲፌራ ቀና አለ። ከታችኛው ቤት የሊሊ ለቅሶና የኤሚሊ ድምፅ ይሰማል። የወንዶቹን ቤት አየ፣ አንገቴ ላይ ያለውን ዘንቢል አየ፣ ከዛፎቹ በላይ የሚታየውን ባሕር አየ። መርከቧ ሸራዋን ወጥራ ነበር።

"የትኛው ቤት በለው ፊሊጋ" አለኝ። "ጠይቅልኝ።"

አጎቴ ጆሮውን ወደ እኔ አዘነበለ። "ምን አለ ልጄ?"

"'ወደ የትኛው ቤት?' ይላል" አልኩት፣ አንገቴ ላይ ያለውን ዘንቢል በእጄ ይዤ።